ትንሽ አሞታል

በእኛ ዘንድ ሰው በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ትንሽ ያመዋል። ከዚያ ይጠናበታል፣ ሆስፒታል ይተኛል፣ ቤተሰቡም «በጸሎት አስቡት» ይባላል። ሰውየው ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ከተቀበረ ሰንብቷል። መርዶ ነጋሪዎች ልባችን ቀጥ እንዳይል ሲሉ ሞቱን በማንኪያ በማንኪያ ያጎርሱናል። በዚህ ልማድ ስቀልድ ኖሬያለሁ። የኔ ተራ ሲደርስ ግን ከማንም በላይ የሙጥኝ ያልኩት እኔው ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ የሞተው በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ከተማ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ነው። አብረውት የሚሠሩት እንደነገሩን ምሳውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። ስለ ልጁ እያወራቸው ሳለ በመሀል ዝም አለ፤ ማይክሮዌቩ ሲጮህ ወለሉ ላይ ነበር። አምቡላንስ መጣ፣ ደረቱን ተጫኑት፣ አልተመለሰም። ዕድሜው አርባን ቢያልፍ በጥቂት ነው። ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ፣ ሶፋ ለብቻው ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነበር።

በዚህ አገር ጤነኛ ሰው ድንገት ወድቆ ሲሞት አስከሬኑ ወዲያው ለቤተሰብ አይሰጥም። ኮሮነር የሚባለው የካውንቲው፣ የወረዳው እንደማለት፣ ቢሮ ይረከበዋል። በምን እንደሞተ እስኪያጣሩ ድረስ ሟቹ በእነሱ እጅ ነው። እኛ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን የምንተወውን ነገር እነሱ «ለምን?» ብለው ይጀምሩታል። ለቤተሰብ መንገርም የእነሱ ሥራ ነው። ነገ ዛሬ አይሉም፤ ሽማግሌም አይሰበስቡም።

ስለዚህ በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት የኮሮነሩ መርማሪ አውሮራ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለውን የወንድሜን አፓርታማ አንኳኳች። በሩን የከፈተችው ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ልጁ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መርማሪዋ ትልቅ ሰው ጠየቀች፣ ልጅቷም እናቷን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ አመጣች። የወንድሜ ሚስት ማታ ማታ ነው የምትሠራው፤ እንግሊዝኛዋም ለሥራዋ እንጂ ለዚህ ዓይነት ነገር አይበቃም። መርማሪዋ በስልክ አስተርጓሚ ጠርታ እየጠበቀች ነበር። ስልኩ ሙዚቃ ያሰማል፤ አስተርጓሚው አይመጣም። ሴትየዋ የእናትየውን ፊት እያየች መቆየት ቢያቅታት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

የወንድሜ ሚስት ወደ ልጇ ዞራ «ምን አለች?» አለቻት።

ልጅቷ አማርኛዋ የኩሽና አማርኛ ነው። «አረፈ» አታውቅም፣ «ተለየን» አታውቅም። የምታውቀው የስልኳ ባትሪ ሲያልቅ የምትለውን ቃል ብቻ ነው። «ባባ ሞተ አለች» አለቻት፣ ለእናቷ፣ በር ላይ ቆማ።

ይህን ሰምቼ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ያቺን መርማሪ ባገኛት ምን እንደማደርጋት አላውቅም ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከኔ ብሰው ተንገብግበዋል። «ልጅ ለናቷ ታርዳ? ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ?» ይላሉ ደጋግመው። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ ሆስፒታል ነው የምትሠሪው፤ ለምርመራ ብለው ሬሳውን እንዳይቀድዱት ንገሪያቸው» አሉኝ። እኔ የነርስ ረዳት ነኝ፣ በሽተኛ አገላብጣለሁ እንጂ ኮሮነር አላዝም። ቢሆንም ደወልኩ። መርማሪዋ በለዘበ ድምፅ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ ሰው የግድ እንደሚመረመር፣ ግን በክብር እንደሚያዝልን ነገረችኝ። ሳላመሰግናት ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ የእናቴ ነገር መጣ። እናታችን ሊትልተን እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። እሷ እንኳ እንደ ሰው ትረዳ አልን። የወንድሜ ሬሳ እስኪለቀቅ፣ ሽማግሌዎቹም ከሥራ የሚያርፉበት ቀን እስኪደርስ ድረስ ዝም ሊባል ተስማማን። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ ሌላዋ አዳር ናት፤ ሁሉም የሚመቸው እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ሆነ። መርዶም እዚህ በሺፍት ነው። እስከዚያ ድረስ ወንድሜ ትንሽ አሞታል።

ነዳጅ ማደያ ውስጥ ፊቴን ታጥቤ ቤት ገባሁ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እማዬ፣ ወንዴን ትንሽ አሞታል። ሆስፒታል አስገብተነዋል» አልኳት። በቁልምጫ ወንዴ ነው የምንለው።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «ምኑን?»

«ሳንባውን ነው። ብርድ መትቶት ነው ብለዋል።»

«ይናገራል?»

«እንዲተኛ መድኃኒት ሰጥተውታል። ሰውም አያስገቡም፤ እኔን እዚያ ስለምሠራ ነው።»

«እግዜር ይማረው» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ተቀበለችልኝ ብዬ እፎይ አልኩ። ስልኳን ከአልጋዋ አጠገብ አንስቼ «ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። ዓይኔ ለምን እንዳበጠ ስትጠይቀኝ አለርጂ ነው አልኳት።

«በዚህ በረዶ? ምን አበባ አይተሽ?» አለችኝ። ፊቴን አዙሬ ኮቴን ሰቀልኩ፤ እሷም አላስጨነቀችኝም።

በማግስቱ መርማሪዋ መልሳ ደወለች። ለሥራ እንኳ ባልገባም የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ፤ ለእናቴ ወንድሜን ልጠይቅ ነው ብዬ ስለወጣሁ የሆነ ቦታ መዋል ነበረብኝ። የመጀመሪያው ምርመራ አልቋል አለችኝ። ጉዳት የለም፣ የደም ሥሩ አልተዘጋም፣ ልቡ ለዓይን ደህና ነው። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልከዋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ራሱን ስቶ ያውቃል? ከቤተሰባችሁ ዋና ሲዋኝ የሞተ አለ? በእንቅልፉ የሞተ? በልጅነቱ ወይም በጎልማሳነቱ ድንገት ወድቆ የቀረ?

«የለም» አልኳት።

«እናትና አባታችሁ?»

«እናቴ በሕይወት አለች። አባቴ ታሞ ነው የሞተው። ለአንድ ወር ያህል ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ጉበቱን ይመስለኛል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ይህ ጥያቄ አናደደኝ። የራሴን አባት አሟሟት እሷ ልትጠይቀኝ? «በደንብ እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

«የምጠይቅሽ ስለ ሴት ልጁ ነው» አለችኝ። «አንዳንድ የልብ ሕመም በዘር ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለው በሩጫ ላይ ነው። ለማንኛውም የልብ ሐኪም ይያት። ግን ድንገት የሞተ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሐኪም ሳያያት አንድ እርምጃ እንዳትሮጥ ነበር የምነግርሽ። ትዝ የሚልሽ ነገር ካለ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ።»

አልዋሸሁም። የማውቀውን ነው የነገርኳት። አባቴ ሲሞት ባሕር ዳር ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። ፈተና እንደ ጀመርን የአጎቴ ልጅ ግቢ ድረስ መጥቶ «አባትሽ ትንሽ አሞታል፤ ፈተናሽን ጨርሺና ነይ» አለኝ። ጨርሼ ስሄድ፣ ሌሊቱን አክስቴ ዘንድ አሳድረው ጠዋት ነገሩኝ። ታሞ፣ ተኝቶ፣ ከዚያ ሞተ። ወንድሜ ያኔ ሕፃን ነበር። ከትምህርት ቤት በቀጥታ አክስታችን ወስዳው «አባትህ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዷል» ተብሏል። እንዲህ እያልን እያወራነው ኖርን። አርባው ቶሎ እንደደረሰብኝ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ መርዶውን በሰማሁ በጥቂት ቀን ድንኳን ተተከለ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀን አይቆጥርም፣ እኔም አልቆጠርኩም።

በዚያው ዕለት እናቴ አጥሚት ሠራች። ፔርሙዝ ሙሉ አድርጋ፣ በፎጣ ጠቅልላ «የሆስፒታል ምግብ አይበላለትም፣ ይሄን ስጪው» አለችኝ። ተቀበልኳት። ምን እል ነበር?

ፔርሙዙን ይዤ ሄጄ ሄጄ የኮሮነሩ ቢሮ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጠይቅም፤ ወንድሜ እዚያ ስላለ ነው። ሕንፃው ለማያውቀው የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የሚመስለው። ፓርኪንጉ በረዶው በደንብ ተጠርጎለታል፣ ሠራተኞቹ ቡና ይዘው ይገባሉ ይወጣሉ። አጥሚቱን መድፋት ነውር መሰለኝ፤ እናት ለልጇ የሠራችው ነው። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እኔው ጠጣሁት። ትኩስ ነበር፣ ማርም ነበረበት። ጉንጭ በጉንጭ ጨረስኩት።

«ጠጣው?» አለችኝ ስመለስ፣ ፔርሙዙን እየተቀበለችኝ።

«ጥርግ አድርጎ ነው የጠጣው። ጣፈጠኝ በያት ብሎኛል።»

«እሰይ» ብላ ወደ ምድጃው ዞረች።

ሐሙስም አርብም ሠራች። ሐሙስም አርብም ወስጄ ጠጣሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን በየቀኑ ይከብደኝ ነበር።

አርብ ዕለት የወንድሜ አስከሬን ተለቀቀ፤ ለቀብር አስፈጻሚዎቹ ሰጡልን። ወደ ፒዮሪያ ሄድኩ። የወንድሜ ልጅ የአባቷን ጃኬት ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከማንም ጋር አታወራም። ከእናቷ ጋር እንኳ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ነጋሪና ሰሚ ሆነው ተጎድተዋል። እኔን ስታየኝ ግን «አንቲ፣ ነገ ጌም አለኝ። መሄድ እፈልጋለሁ፤ ፕሊስ ንገሪያቸው» አለችኝ።

እግር ኳስ ነው። ክፍት ቦታ ሲያገኝ እንደ እሷ የሚሮጥ የለም። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የማይገባው ለዚህ ነበር። መስመሩ ዳር ቆሞ «ሩጪ! ሩጪ!» እያለ ይጮህላታል፤ ከቡድኑ ልጆች አማርኛ የሚባል ሰምተው የማያውቁት ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ለምደዋታል።

ጋሼ ሲሰሙ ተነሱ። «አባቷ አፈር ሳይቀምስ? ኳስ? ሰው ምን ይለናል?»

ያን ሳምንት የታመቀብኝ ንዴት ሁሉ መውጫ አገኘ። «ጋሼ፣ እርስዎም ይተዉአት፣ ሰውም ይተዋት» አልኳቸው። «እዚህ ተቀምጣ ኮሪደር ከምትጠብቅ አየር ታግኝ። አባቷ በሕይወት ቢኖር ይወስዳት ነበር።» የወንድሜ ሚስት በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። የልብ ሐኪም ቀጠሮ የሰጠን ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ በቤተሰብ ምንም የለም ስላልኩ ማንም አልቸኮለም። የልጅቷን ጫማ ከአልጋ ሥር ፈልጌ፣ ጭቃውን ጠርጌ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ እናቴ ለባብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ምድጃው ላይ አጥሚት የለም።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«የምን ሽማግሌዎች?»

«የልጄን መርዶ የሚነግሩኝ።»

ሳቅ ነገር ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

«ወንዴ አጥሚት ጠጥቶ አያውቅም» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «በልጅነቱ ኩፍኝ ሲይዘው እንኳ እጁን ይዘን ብናፈስለት ይተፋው ነበር። ቢሻለው ኖሮ 'እማዬ አበደች እንዴ' ብሎ ይመልስልኝ ነበር። ተሽሎት ይመልሰዋል ብዬ ነው የላክሁት። ባዶውን አመጣሽልኝ። አንድ ቀንስ ሰው ልማዱን ይስታል አልኩ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ባዶውን አመጣሽልኝ።»

እኔ እህቱ ይህን ረስቼው ነበር። ትቼው ስወጣ ሕፃን ነበር፣ ሳገኘው ትልቅ ሰው ነበር፤ ኩፍኙን ያስታመመችው እሷ ናት።

«ማክሰኞ ነው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ ነው።»

«ታሞ?»

«አልታመመም። ምሳውን እየጠበቀ ሳለ ወደቀ።»

እጇን አንሥታ ጉልበቷ ላይ መልሳ አኖረችው። «እንደ አባቱ» አለች።

«አባቴማ ታሞ ነው እማዬ» አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኳት፤ ያን ሰዓት እንኳ ላርማት ፈለግኩ።

«አባትሽ አንድ ቀን አልታመመም። ጠዋት ጓሮ ፊቱን እየታጠበ ፎጣ አምጪልኝ አለኝ። ፎጣውን ይዤ ስመለስ መሬት ላይ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ታላቅ እህቱም ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንዲሁ ነው የቀረችው አሉ፤ እኔ አልደረስኩባትም። ዓይነ ጥላ ነው ሲሉ ሰማሁ። ማን መርምሮ?» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አንቺ ፈተና ላይ ነበርሽ። ትንሽ አሞታል በሏት ያልኩት እኔ ነኝ። የአጎትሽ ልጅ አንቺ ጋ የመጣው ከቀብሩ መልስ ነው።»

«ለምን ኋላ አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንቺም እሱም 'ታሞ ነው' እያላችሁ ስታወሩ እሰማለሁ። ዝም አልኩ። ታሞ የሞተ ይሻላል፣ ያስታመሙት ይመስላል። እኔም ሲቆይ፣ ያስታመምኩት እየመሰለኝ ሄደ።»

ያኔ ነው ቀን የቆጠርኩት። አርባው ለምን ቶሎ እንደደረሰብኝ ገባኝ። ቀጥሎ የመርማሪዋ ጥያቄ መጣብኝ፤ ከዚያ የልጅቷ ጫማ።

ለወንድሜ ሚስት ደወልኩ፣ አይነሳም። ለቅሶ ቤት ስልክ ማን ይሰማል? ለልጅቷ ደወልኩ፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ እንደሚሆን እያወቅኩ ደወልኩ። ቁልፌን ሳነሳ እናቴ ነጠላዋን አገልድማ በሩ ላይ ቆማለች። አብራኝ መኪና ውስጥ ገባች።

ከሊትልተን አውሮራ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። እኔ እያለቀስኩ ነው የምነዳው። እናቴ አታለቅስም። ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች።

«እማዬ፣ አልቅሺ እንጂ» አልኳት።

«መርዶዬን ሳልሰማ?» አለችኝ። «ልጄ የሰው ልጅ ነው። ሰው ተሰብስቦ ይነገርልኛል፣ ያኔ አለቅስለታለሁ። አሁን ንጂ።»

ሜዳው ዳር ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ከመኪናው ሳልወርድ ሰማሁት። የቡድኗ ልጆች፣ እነዚያ የአሜሪካ ልጆች፣ ለአባቷ መታሰቢያ ብለው ተነጋግረው ነው መሰል ከመስመሩ ዳር ተደርድረው «ሩጪ! ሩጪ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። እሷም በዚያኛው መስመር ኳስ ይዛ ትሮጣለች። ፀጉሯ ተፈትቷል፣ ፊቷ ቀልቷል።

በቤት ነጠላ ጫማ፣ በፒጃማ ሱሪ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ሰው ይጮሃል። «አትሩጪ!» እላለሁ፣ «አትሩጪ!» ደርሼ በሁለት እጄ ያዝኳት። ልቧ በማልያዋ ሥር ሲመታ እጄ ላይ ይሰማኛል።

«አንቲ፣ ስቶፕ፣ ሁሉም እያየኝ ነው!»

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ምንም አይደለም፣ አያትሽን ትንሽ አሟት ነው» የሚል ነበር። ያን ያህል ነው የለመደብኝ። ዋጥኩት።

«ስሚኝ» አልኳት። «የአባትሽ አባትም እንዲሁ ድንገት ወድቆ ነው የሞተው። እኔ አላውቅም ነበር፣ አሁን ነው የሰማሁት። በዘር የሚመጣ የልብ ሕመም ይሆናል ማለት ነው። ሐኪም ሳያይሽ መሮጥ የለብሽም።»

«ሶ፣ እኔም እንደ ባባ ልሞት ነው?»

«አላውቅም። ለዚያ ነው የምንታየው።»

አየችኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ጠጋ ብሎ እውነቱን የነገራት ሰው እንዳልነበረ ከፊቷ አነበብኩ። ከዚያ ሜዳው መሀል ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ከመኪናው ሆኜ ለመርማሪዋ ደወልኩላት። ቅዳሜም ቢሆን አነሳች። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ተሳስቼ ነው፣ የነገርኩሽ ሌላ ነው አልኳት። አልተቆጣችኝም። አባቴ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ሲወድቅ ምን እያደረገ ነበር፣ የወደቀችው አክስቴስ የማን ወገን ናት እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ እናቴ ከኋላ ወንበር መለሰች፣ እኔ አስተረጎምኩ። ልጅቷን ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት አለችን፤ ሐኪሞቹንም ራሷ ታናግራለች። በመጨረሻ «እናትሽን፣ ስለ ባለቤታቸውም ስለ ልጃቸውም አዝኛለሁ በይልኝ» አለች። ነገርኳት። እናቴ «ይኸው ዛሬ ገና ጠየቁን» አለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ አባቴ እንዴት እንደሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀችን ያቺ በር አንኳክታ አረዳች ብዬ የረገምኳት ሴት ናት።

የወንድሜ ምርመራ ውጤት ከወራት በኋላ መጣ። የልቡን ምት የሚያዛባ፣ በዘር የሚወርድ ነገር ነው። እኔም ታየሁ፤ አልፎኛል። ለምን እኔን አልፎ እሱን እንደያዘ የሚነግረኝ ሐኪም የለም። ልጁ ላይ ተገኘ። ዛሬ በግራ ደረቷ ላይ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ልቧ ምቱን ቢስት የሚመልሳት ትንሽ መሣሪያ ተቀብሮላታል። ሩጫ ተከልክላለች። ማልያዋን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ስትከት አይቻት ወጥቼ አልቅሻለሁ። ሜዳ መሀል ስላዋረድኳት እስካሁን ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለችኝም። አትበለኝ፣ ትኑርልኝ እንጂ።

መርዶው ግን በቀኑ ሆነ። እሑድ ጎህ ሲቀድ የጋሼና የሌሎቹ መኪናዎች በራችን ላይ ቆሙ። የወንድሜ ሚስትም ልጅቷም አብረው መጡ፤ ልጅቷ ከሆስፒታል የወጣችው ማታውን ነው፣ እናቴ ናት «ትምጣ» ያለችው። እናቴ ፀጉሯን ሸፍና፣ ሳሎኑ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ልጅቷን እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። እንግዲህ እንደሚያውቁት ልጅዎን ከሰሞኑ ትንሽ አሞት…»

«አላመመውም» አለች እናቴ።

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄን አላመመውም» አለች። «ቆሞ ሳለ ነው የወደቀው። አባቱም ቆሞ ሳለ ነው የወደቀው። እንደዚያ ብለው ይንገሩኝ። ይቺ ልጅ ትስማ።»

ጋሼ በዕድሜያቸው ስንት መርዶ እንዳወጡ እሳቸውም አያውቁትም፤ እንደዚህ ብሎ ያዘዛቸው ግን አልነበረም። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጅዎ ማክሰኞ ዕለት ድንገት ወድቆ ሞተ፣ እትዬ» አሉ። «እንደ አባቱ።»

ልጅቷ ማንንም ምን አሉ ብላ አልጠየቀችም። እናቴ ጎንበስ ብላ መዳፏን የልጅቷ ደረት ላይ አኖረች፣ ግራው ላይ። ከዚያ እጇን ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች።